ዩና ማርሰን፦ ከጽሕፈት መኪናው እስከ መድረኩ

ጃማይካዊቷ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ዩና ማርሰን እ.ኤ.አ. በ1932 ለንደን ስትገባ እንጀራ ያበላኛል ብላ የያዘችው ሙያ አጭር ጽሕፈትና ታይፕ ነበር። አንዷ ሥራ አገናኝ ጥቁር ሴት እንደማትመዘግብ ነገረቻት፤ ከነጭ ሴቶች ጋር አንድ ቢሮ መቀመጥ ይመጣላ! ሌላው ማስረጃዋ እጅግ ጥሩ መሆኑን፣ ድርጅቶቹ ግን ጥቁር ጸሐፊ እንደማይፈልጉ አስረዳት። ይህ ሁሉ የደረሰባት አገሯ ላይ ሁለት የግጥም መድበል ያሳተመች፣ የራሷን መጽሔት ያዘጋጀች፣ ተውኔቷ ኪንግስተን በሚገኘው ዋርድ ቴአትር የታየላት ሴት ናት።

ያረፈችው የለንደን ሰፈር በሆነው ፔክሃም፣ ዶክተር ሃሮልድ ሙዲ ቤት ነው። ቤቱ ሙዲ የሚመሩት የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ የሊግ ኦፍ ከለርድ ፒፕልስ ማዕከልም ነበር። የማኅበሩን የጽሕፈት ሥራ ያዘች። ደብዳቤ መጻፍ፣ ስብሰባ ማዘጋጀት፣ ቤት የተከለከለ ተማሪ ሲመጣ መቀበል፤ ውሎዋ ይህ ሆነ። ትግሏን በአንድ በኩል፣ ግጥሟን በሌላ በኩል አድርገው የሚያነቧት ሰዎች ይህን ጠረጴዛ ይዘሉታል። የግጥሟ ቅርጽ የተለወጠው ግን እዚያው ላይ ነው።

በ1930 የወጣው የመጀመሪያው መድበሏ በአብዛኛው በእንግሊዞች ወግ የተሰፋ የፍቅር ግጥም ነው። በ1933 የማኅበሩ መጽሔት «ዘ ኪይስ» ሲጀመር ግን ያወጣችው ግጥም፣ ልጆች መንገድ ላይ የሚወረውሩባትን ስድብ እንዳለ ርዕሱ አድርጎታል። (የመጽሔቱ ስም «ቁልፎች» ማለት ነው፤ ፒያኖ ዜማው የሚሞላው ነጩም ጥቁሩም ቁልፍ ሲነካ ነው ከሚለው የአፍሪካዊው መምህር የጄምስ አግሬ ምሳሌ የመጣ።) እዚህ ላይ የፍቅር ግጥሙ ልስላሴ አይገኝም፤ ስንኙ ያጥራል፣ ይቆጣል።

ቀጥሎ ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን የዘፈን ስልት፣ ወደ ግጥሟ መጣ። ስለ ከርዳዳ ጸጉር በጻፈችው ግጥም ሴትየዋ የውበት ሳሎን ፍለጋ ልትሄድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ትላለች፤ ከዚያ እነዚያኑ አንዲት ቃል ጨምራ ትደግማለች፤ መልሱን የምትሰጠው በመጨረሻዎቹ ሁለት ነው። ድግግሞሹ የዘፈን ማሟያ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ዙር ላይ አንባቢው ያንን ፍላጎት ማን እንዳስገባባት መጠየቅ ይጀምራል። ቋንቋውም የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳይሆን የሰፈር ንግግር ነው። ይህን ግጥም በደንበኛ እንግሊዝኛ አቃንቶ ማንበብ ይገድለዋል።

«በምን ዋጋ» የሚለውን ተውኔቷን ማኅበሩ በ1934 መጀመሪያ ለንደን ስካላ ቴአትር አሳየው። ከገጠር ኪንግስተን መጥታ በጸሐፊነት የተቀጠረች ልጅ በነጩ አለቃዋ የምትታለልበት ታሪክ ነው። ተዋንያኑ የማኅበሩ አባላት ነበሩ፤ ለንደን ጥቁሮች ብቻቸውን ሙሉ ተውኔት ሲጫወቱ ማየት ያልለመደች ከተማ ነበረች።

ከዚያ የእኛ ጉዳይ መጣ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ዩና ለንደን ባለው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን (የመልእክተኛ ጽሕፈት ቤት) በመልእክተኛው በሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ሥር በጸሐፊነት ገባች። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ሲደርሱም በጸሐፊነት አገለገለቻቸው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ንግግር ወዳደረጉበት ወደ ጄኔቭም አብራ ሄደች። ዓለም ሰምቶ ዝም ሲል በቅርብ አየች። በዚያው ዓመት ሰውነቷ ዝሎ ጃማይካ ተመለሰች።

በ1937 ባወጣችው መድበል ውስጥ «ለጆና ለቤን» የሚል ግጥም አለ። ጆና ቤን የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ናቸው፤ እንግሊዝ አገር ተምረው ለአገራቸው ሊዋጉ ተመልሰው በዚያው ዓመት ፋሽስቶች የገደሏቸው። ርዕሱ «ለኢትዮጵያ ጀግኖች» አለማለቱን ልብ በሉ። በቤት ስማቸው ነው የጠራቻቸው፤ አባታቸው ጠረጴዛ አጠገብ ስትሠራ የቆየች ሰው የምትጽፈው እንዲህ ነው።

በ1938 መጀመሪያ ዋርድ ቴአትር የታየው «ፖኮማኒያ» የተሰኘው ተውኔቷ ሌላ እርምጃ ነው። የተማሩ ቤተሰቦች የሚንቁትን የድሆች ከበሮና መንፈሳዊ ሥርዓት መድረክ ላይ አወጣችው። ጀግናዋ ስቴላ ከጨዋ ቤት ናት፤ የሌሊቱ ከበሮ ይጠራታል። ከበሮውን ለማጀቢያ ብቻ አሳንሶ የሚያዘጋጅ ሰው ተውኔቱን ያጣዋል፤ የስቴላ ፈተና ራሱ እሱ ነውና።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ቢቢሲ ገባች። ሥራዋ የካሪቢያን ወታደሮችን ሰላምታ ለቤተሰቦቻቸው ማስተላለፍ ነበር። በዚያ ሰላምታ መሐል ግጥም አስገባች፤ በ1943 ያ ክፍል «የካሪቢያን ድምፆች» ሆነ። ከደሴቶቹ በፖስታ ለንደን የሚላክ ጽሑፍ በሬድዮ ተነቦ ተመልሶ እዚያው፣ ጸሐፊው ሰፈር ይሰማ ጀመር።