ኮክ ኮክ የሚል ወይን

ቅዳሜ ማታ፣ አራት ኪሎ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ሱፐርማርኬት ጎራ አልኩ። የገባሁት ዳቦ ልገዛ ነበር። ነጭ ወይንም ጨምሬ ወጣሁ። የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከመደርደሪያው የውጭ ወይኖች ሁሉ ዋጋው ዝቅ ያለው እሱ ነበር። ቀልቤን የሳበው ግን ዋጋው አይደለም። ጠርሙሱ ላይ «ሸናን ብላን» ከሚለው ቀጥሎ «ቪዮኜ» የሚል ስም አየሁ።

ሸናን ብላን እንኳ ብርቅ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚተከለው የወይን ዘር እሱ ነው። ቪዮኜ ግን አገሩ ፈረንሳይ፣ የሮን ወንዝ ዳር ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ኮንድሪዮ በምትባል መንደር ዙሪያ፣ ቀጥ ባሉ ዳገቶች ላይ ጥቂት ሄክታር ብቻ ቀርቶ ነበር። ለቀማውም ያስቸግራል። ከቸኮሉ መዓዛው አይመጣም፤ ከዘገዩ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ዘር ተርፎ፣ የኔ አቅም በሚችለው ጠርሙስ ውስጥ ስላገኘሁት ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት፤ ራት ሲደርስ ቀዳሁ። የመጀመሪያው ጉንጭ ምንም አላለኝም። ቀዝቃዛ፣ እንደ ሎሚ ኮምጠጥ ያለ፣ በቃ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሽሮው እስኪሞቅ ቆየሁ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ተመልሼ ሳሸተው ሌላ ወይን ሆኗል። ለካ ቅዝቃዜው ነው መዓዛውን አፍኖ የያዘው!

እማዬ ከጠጅ ሌላ አትጠጣም። «እስቲ አሽትቺው» ብዬ ሰጠኋት።

«ኮክ ኮክ ይላል» አለች ወዲያው። «እናቴ ጓሮ የነበረው ኮክ፣ ልክ እሱን!»

ቪዮኜን የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ከሚያነሱት ነገር አንዱ ኮክ ነው። እኔ ያነበብኩትን እሷ በአፍንጫዋ አገኘችው።

ስጠጣው ኮምጠጥ የሚለው ከሸናኑ ነው፤ ሽታው የቪዮኜው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ምሬት ምላስ ላይ ትቀራለች። እኔ አልጠላኋትም፤ ጌሾ የለመደ ምላስ ይወዳታል።

እማዬ ስለ እናቷ ጓሮ ማውራት ያዘች። ዛፉን ማን እንደተከለው፣ ፍሬው ሳይበስል ልጆች እንዴት እንደሚጨርሱት። ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ብርጭቆውን አልመለሰችልኝም፤ እያሸተተች ታወራለች። ለራሴ ሌላ ብርጭቆ አመጣሁ።