ዘይቱን፣ ትርንጎ እና ስፓኒሽ በድሬዳዋ

ስፓኒሽ ለማስተማር ስነሳ የሚያስፈልገኝ ሁሉ የተሟላልኝ መስሎኝ ነበር። ከኢንተርኔት የወረደ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ፤ የሃያ አገሮች ባንዲራ የተደረደረበት ፖስተር፤ አንዲት ትንሽ የድምፅ ማጉያ። ድሬዳዋ ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ የቅዳሜውን የስፓኒሽ ክበብ የጀመርሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ቋንቋውን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። እሳቸው በደርግ ዘመን ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ያደጉት ቀድሞ «የጥድ ደሴት»፣ ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት ላይ ነው። እዚያ ተማሪው ግማሹን ቀን ይማራል፣ ግማሹን ቀን የፍራፍሬ እርሻ ላይ ይሠራል። ለአምስት ዓመት ያህል ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ተማርሁ፤ ክፍያዬ ሻይና ወሬ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ 26 ልጆች መጡ። በአራተኛው የመጡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን መጀመሪያ ለሙቀቱ፣ ቀጥሎ ለኳሱ፣ በመጨረሻም ለወላጆች ሰጠሁ። እውነቱ ግን እያንዳንዱን የስፓኒሽ ቃል በእንግሊዝኛ በኩል ዞሬ ነበር የማመጣው። እንግሊዝኛው ራሱ ገና ያልተፈታላቸው ልጆች ለአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይደክማሉ። ይህን ለመረዳት አንድ ፍሬ አስፈለገኝ።

መጽሐፉ ላይ አረንጓዴ የወይራ ፍሬ ተሥሎ፣ ከሥሩ «አሴይቱና» ይላል። ቃሉን እንዳነበብሁ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ «ዘይቱን ነው እኮ!» አለ። አጠገቡ ያለችው ሳቀችበት። ዘይቱን ከውስጡ ቀላ የሚል፣ ቀፊራ ገበያ በሳህን ተቆልሎ የሚሸጥ ፍሬ ነዋ! ዓረብኛ የምትማር ሌላ ልጅ ተነሥታ በዓረብኛ ዘይቱን ማለት ይኸው ሥዕሉ ላይ ያለው ነው ብላ ተሟገተች። ክፍሉ ተተራመሰ። በአራት ሳምንት ውስጥ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስቱም ልክ ነበሩ። ሙስሊሞች በ711 እ.ኤ.አ. ወደ ዛሬዋ ስፔን ከተሻገሩ ጀምሮ የመጨረሻዋ ይዞታቸው ግራናዳ በ1492 እስክትወድቅ ድረስ ዓረብኛ በዚያ ምድር ሲነገር ኖሯል። ቃላቱም ብዙ ጊዜ የዓረብኛውን «አል»፣ አንዳንዴም «አ»ዋን ብቻ፣ ከፊታቸው አስቀድመው ስፓኒሽ ውስጥ ቀሩ። ስኳር «አሱካር» ነው፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ ሩዝ «አሮስ»። ድሬዳዋ ላይ በቀን መቶ ጊዜ የሚባለው ኢንሻአላህ እንኳ ዘመዱ እዚያ አለ፤ «ኦኻላ» ይሉታል። ያኔ መጽሐፉን ዘግቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ከእናቶቻችሁ ጓዳና ከገበያው ለስፓኒሽ ቃላት የሚቀርቡ ስሞች ለቅማችሁ አምጡ።

ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ደሴቲቱ ላይ መጀመሪያ የያዙት ቃል ከክፍል ሳይሆን ከእርሻው የተገኘ «ቶሮንኻ» የሚባለው ትልቅ መራራ ፍሬ ነው። የእኛ ትርንጎና ያ ቃል ከአንድ የዓረብኛ ስም የተወለዱ ናቸው። ብርቱካናችን ደግሞ ስሙን የወሰደው በዓረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ነው፤ ስፔኖቹ ራሳቸው ግን «ናራንኻ» ነው የሚሉት።

ደስታው አሳበደኝና ስሕተትም ሠራሁ። «ካሚሳ» ማለት ሸሚዝ መሆኑን ሳይ፣ ይኼም ከዓረብኛው ቀሚስ የመጣ ነው ብዬ አስተማርሁ። ቃሉ የላቲን ነው። የእኛ ሸሚዝ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ የባቡር ከተማ ለሆነችው ድሬዳዋ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቅርታ ጠይቄ አረምሁ። ከዚያ ወዲህ የቃል ዝምድና ከማስተማሬ በፊት መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ።

ሰዋስውም በዚያው መንገድ ሄደ። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ላስረዳ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ባክኛለሁ። ለካ «ራሴን ያመኛል» እንደማለት ነው! የሚያመው ራስ፣ የሚታመመው እኔ። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ»ም «ቡና ደስ ይለኛል» ነው፤ እኔ እንደ ባለቤት ሆኜ አልወጣም። «አብሎ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ተናጋሪው መደበቁም «እናገራለሁ» ለሚል ልጅ ምኑም አይገርመው። «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ነው፣ ሲጠብቅ ውሻ። ይህን ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ ጻፍሁና አንዴ አላልቼ፣ አንዴ አጥብቄ አነበብሁት። አበቃ። የመጽሐፉ ደራሲ ለዚህ ሦስት ገጽ ፈጅቷል።

ሁሉ ነገር አይገጥምም። «ሴር» እንደ «ነው»፣ «ኤስታር» እንደ «አለ» ነው ያልሁት ለቦታ ሠራ፤ ስለ ሕመምና ስለ ስሜት ሲመጣ ፈረሰብኝ። ሰዓት ደግሞ የባሰ ነው፤ «ላስ ዶስ» ሲባል ግማሹ ክፍል ስምንት ሰዓት፣ ግማሹ ሁለት ሰዓት ይላል። እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ባህልን በባንዲራ ማስተማር ግን ከንቱ ድካም ነበር። ልጆቹ ፖስተሩን አንድ ጊዜ አይተው ጠገቡት። የገረማቸው ስፔን ውስጥ ሴት ስታገባ ስሟን አለመቀየሯ ነው፤ «እንደ እኛ» አሉ። አፍሪካ ውስጥ ስፓኒሽ የመንግሥት ቋንቋው የሆነ ኢኳቶሪያል ጊኒ የሚባል አገር መኖሩን ሲሰሙም ካርታው ላይ ተረባርበው ፈለጉት። በብዙ የስፔን ከተሞች ሱቆች ከቀትር በኋላ ተዘግተው አመሻሽ ላይ እንደሚከፈቱ ስነግራቸው ግን ማንም አልተደነቀ። የድሬዳዋ ልጅ ይህን ከእኔ አይማርም።

ከሁሉም ያከራከረን «ቱ» እና «ኡስቴድ» ነው፤ አንተና እርስዎ እንደማለት። እኔ ጎጃም ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ «ኡስቴድ»ን አክብሬ፣ የድሮው «ጸጋዎ» ከሚል አጠራር አጥሮ እንደመጣ ጭምር አስረዳሁ። አንዷ ተማሪ አፏን ከፍታ ሰማችኝና፣ «ቲቸር፣ አንተ አያትህን አንተ አትላቸውም?» አለችኝ። ድሬዳዋ አያትም አንተ ነው፣ ቀበሌም አንተ ነው፤ ንቀት የለበትም። ጎረቤቴ ፈራጅ ሆነው ሲጠሩ ለእሷ ፈረዱ። ኩባ ውስጥ «ቱ» ለብዙ ሰው ይበቃል፤ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ላይ ግን ወንድሙን እንኳ «ኡስቴድ» የሚል ሰው ታገኛለህ አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አስተምራለሁ፣ የትኛው ጨዋ እንደሆነ ግን አልነግራቸውም።

ጎረቤቴ ክፍሉን የጎበኙት በዓመቱ መጨረሻ ነው። ልጆቹ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ 22 ወረቀት አባዝቼ አድዬ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ «ኝ» የምትባለውን የስፓኒሽ ፊደል ስላላገኘኋት በ«ን» ተክቼ አልፌያታለሁ። ልጆቹ የተጻፈውን በየተራ እየተነሡ አነበቡ፦ «ቴንጎ ትሬሴ አኖስ»። ሽማግሌው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። «አኞ» ዓመት ነው፤ «አኖ» ግን ፊንጢጣ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ እየተነሣ 13 ፊንጢጣ አለኝ ይላል።

ትርጉሙን ለልጆቹ አልተናገሩም። ጠመኔ አንሥተው ፊደሏን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ከላይዋ ሞገድ የመሰለች ጭረት አደረጉባት። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለችው ልጅ፣ «ነ ላይ ባርኔጣ ስናደርግባት ኘ እንደምትሆነው ነዋ!» አለች። እኔ ይህን ለማየት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ባርኔጣውን በእስክሪብቶ ልጨምር ብዬ ወረቀቶቹን ሰበሰብሁ። ሃያ አንዱ ተመለሱ።