ሱሉልታ ላይ ድርጭትን በሚዛን መምረጥ

ሱሉልታ ላይ ድርጭት አረባለሁ። ከባዶቹን እየመረጥኩ ማዳቀል ከጀመርኩ ጥቂት ትውልዶች አልፈዋል። ለዚህ ሥራ ከድርጭት የተሻለ የለም፤ በ17 ወይም በ18 ቀን ትፈለፈላለች፣ 6 ሳምንት አካባቢ ዕንቁላል ትጀምራለች። ከብት ብመርጥ ኖሮ ውጤቱን የሚያየው ልጄ ነበር።

"እየከበዱ ነው" ማለት ቀላል ነው። ግን በምን ምክንያት? ሱሉልታን የሚያውቅ የኅዳርን ሌሊት ያውቃል። ብርድ የመታው ጫጩት የበላውን ለሙቀት ያውለዋል እንጂ አያድግበትም። የኅዳርን ጫጩት ከሚያዝያው ጋር አወዳድሮ "ዝርያዬ ተሻሻለ" ማለት ራስን ማሞኘት ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ሌላ መንጋ ይዣለሁ፤ ወላጆቹን በዕጣ ነው የማወጣው። መኖው ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ከሰሉም ያው። በሁለቱ መካከል እየሰፋ የሚሄደው ልዩነት የምርጫው ነው። ጎረቤቴ አንድ ቀን ይህን አይተው፣ "አንተ ልጅ፣ የማትመርጠውን ምን ብለህ ትቀልባለህ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እነሱ ከሌሉ የሌሎቹን ለውጥ በምን አውቃለሁ?" አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። የመኖ ዋጋ ሲታይ እውነት አላቸው።

ምዘናው ጠዋት ነው፣ መኖ ሳይቀርብ። ሚዛኑ ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ አስቀምጬ ዜሮ አደርገዋለሁ። ድርጭቷን ጭንቅላቷን ወደ ጠርሙሱ አንገት አድርጌ ስከታት ጸጥ ትላለች። ክፍት ሳህን ላይ ከሆነች ግን ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትዘላለች፣ ቁጥሩም አብሯት ይዘላል። የዕለት ጫጩት ከ7 እስከ 8 ግራም ስለሆነች ግራምን በአሥረኛ የሚከፍል ሚዛን ያስፈልጋል። እያንዳንዷ እግሯ ላይ ቁጥር አላት። ቀለበቱን በየጊዜው በሰፊ መቀየር ነው፤ አለዚያ እግር ይቆርጣል።

የመንጋውን አማካይ ብቻ መያዝ ለምን አይበቃም? ደካሞቹ ሲሞቱ አማካዩ ከፍ ይላል፤ ማንም ሳያድግ! ቁጥር ያላት ድርጭት ግን የራሷን መስመር ትተዋለች።

ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ አስገብቼ፣ ተስማሚውን ቁጥር ፈልጎ በሚያገኘው መሣሪያው በሶልቨር የጎምፐርትዝን ቀመር፣ ማለትም ክብደት ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳየውን መስመር፣ አስማማሁባቸው። ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ በ1825 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ያወጣው ስለ ሰው ሞት ነበር፤ ለዶሮና ለድርጭት እድገት የዋለው በኋላ ነው። በዚህ ቀመር እድገት በጣም የሚፈጥነው ወፏ የመጨረሻ ክብደቷን 37 በመቶ ስትደርስ ነው። ሎጂስቲክ የሚባለው ሌላው የእድገት ቀመር ደግሞ 50 በመቶ ላይ ያደርገዋል። 200 ግራም ለምትደርስ ድርጭት አንዱ 74 ግራም ላይ፣ ሌላው 100 ላይ ማለት ነው። ድርጭት ገና በጠዋቱ ስለምትፈጥን የመጀመሪያው ይሻላታል። ከዚያ ነጥብ በኋላ በየቀኑ የምትጨምረው እያነሰ ይሄዳል፣ መኖው ግን አይቀንስም። የመሸጫ ጊዜዬን የምወስነው በዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ምዘናው 4ኛው ሳምንት ላይ ካበቃ የመጨረሻው ክብደት ግምት ብቻ ነው፤ ቀመሩ ክብደቱን ከፍ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎም ያስማማዋል። እኔ ዕንቁላል ከጀመሩ በኋላም እመዝናለሁ። ሁለተኛ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ይሠሩ። እንደ ዶሮ አይደለም፤ እዚህ የምትከብደው ሴቷ ናት። 3 ሳምንት ገደማ የወንዱ ደረት ቀላ ሲል፣ የሴቷ ነጠብጣብ ሲሆን ይለያሉ።

ከምርጫው ብዙ አትጠብቁ። የመረጥኳቸው ከመንጋው አማካይ በ20 ግራም ቢበልጡና ከዚህ ብልጫ 30 በመቶው የሚወረስ ቢሆን፣ ልጆቹ የሚጨምሩት 6 ግራም ነው። የቀረው የመኖ፣ የሙቀትና የዕድል ነበር።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከከባዶቹ ጥንዶች የማይፈለፈል ዕንቁላል እየበዛ መጥቷል። ክብደት ብቻ ሲመረጥ የሚመጣ የታወቀ ጣጣ ነው፣ የዝምድና እርባታም ያባብሰዋል። እህትና ወንድም አላገናኝም። ከመጪው ትውልድ ጀምሮ ደግሞ ሚዛን ላይ አንደኛ የወጣ ወንድ እንኳ ቢሆን፣ ጫጩት ካላስገኘ ወደ ድስት ነው።