ክሮሚየሙ የወንዙ ሳይሆን የዕቃዬ ነበር

አናሊቲካል ኬሚስትሪ ማስተርስ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኮምቦልቻ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ምዝገባው፣ ኮርሱ፣ ሴሚናሩ በደህና አለቀ። ለቲሲስ የመረጥኩት በቦርከና ወንዝ ውስጥ ያለውን ክሮሚየም መለካት ነበር። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት ይውላል፣ ከተማችን ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። አጎቴም በዚያ ውሃ ሽንኩርት ያለማሉ።

ናሙናውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁ፣ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ጨመርኩበት። እስከዚህ ልክ ነኝ። የተበላሸው ዕቃ አጠባው ላይ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ናሙናው የሚዘጋጅበትን የብርጭቆ ዕቃ በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ እንዳጥብ አዘዘኝ፤ "የቤቱ ደንብ ነው" አለ። ዳይክሮሜት እኮ ራሱ ክሮሚየም አለው! ብርጭቆው ላይ ይቀራል፣ ደጋግመው ቢያለቀልቁትም ቶሎ አይለቅም። ፎርሙላውን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው እንዴት እንዳላየሁት ዛሬም ያንገበግበኛል።

አቶሚክ አብዞርፕሽኑ (ብረትን በሚውጠው ብርሃን የሚለካው መሣሪያ) በ357.9 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ሲያነብ ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት አጎቴ ዘንድ ሄጄ "ጋሼ፣ በዚህ ውሃ አያጠጡ" አልኳቸው። ሰሙኝ። ሽንኩርቱ መደቡ ላይ ደረቀ።

ብላንኩን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወንዝ ያልነካው፣ የተጣራ ውሃና አሲድ ብቻ ያለበት ብላንክ ከቦርከና ውሃ እኩል ክሮሚየም አሳየ።

እንደገና ልስራ ስል የተረፈኝ ናሙና አልበቃም። ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ የጎርፍ ውሃ የበጋውን አይተካም። እስከ ቀጣዩ በጋ ጠበቅኩ፣ የማራዘሚያውን ክፍያ ከደሞዜ ከፈልኩ። ኃላፊውን ስጠይቀው "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያጥበው" ብሎ ፊቱን አዞረ።

መመሪያው ፕሮፖዛል ሳይጸድቅ ላብራቶሪ አትግቡ ይላል። አልስማማም። ለምናችሁም ቢሆን አንድ ቀን ግቡ፣ ብላንክ ብቻ አንብቡ፣ ርዕስ ከዚያ ምረጡ። ዕቃችሁን በ10 ፐርሰንት ናይትሪክ አሲድ አሳድራችሁ በራሳችሁ እጅ እጠቡ። ናሙና እጥፍ ቅዱ። መጠኑን የምታውቁት ክሮሚየም ናሙናው ላይ ጨምራችሁ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚነበብ ሳታዩ ደግሞ ውጤት ለማንም አትንገሩ።

በሁለተኛው ዙር ብላንኩ ንጹህ ሆነ፣ የወንዙም ቁጥር ከመጀመሪያው በጣም ወረደ። ዲፌንሱን አለፍኩ። ጋሼ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። "አብሽር" አሉኝ። የዘሩን ዋጋ ልክፈል ብላቸው ግን እምቢ አሉ።