ልጅ ለብቻው አይጫንም

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ አየሩም ይለወጣል፣ ጆሮም ይደፈናል። ታች ቦርከና ሜዳ ላይ ያወለቅኩትን ሹራብ ጦሳ ሥር ስደርስ መልሼ ለበስኩ።

የሄድኩት የእናቴን አክስት ልጠይቅ ነው። ቤታቸው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። እማማ ዕድሜያቸውን በዓመት አይናገሩም። "በስድሳ ስድስቱ ረሃብ የበኩር ልጄን ታቅፌ ነበር" ነው የሚሉት።

ያ ረሃብ ለወራት ከሕዝብ ተደብቆ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት የወሎ ረሃብተኞች ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አገር የሚያስታውሰው ይህን ነው። እማማ የሚያስታውሱት የተሸጡትን በሬዎቻቸውን ስም ነው። ሁለቱንም ጠሩልኝ።

ሰባ ሰባትን ለማንሳት ግን ቶናው እስኪቀዳ ጠበቁ። ወንድማቸው የእርዳታ ስንዴ ሊቀበል ሁለት ልጆቹን ይዞ መጠለያ ወረደ። እዚያው ለሰፈራ ተጫኑ። ደርግ በዚያ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ብዙው ወዶ አልሄደም። ወንድማቸው ፓዌ መድረሱ የተሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። እዚያው አረፈ፤ ልጆቹም እዚያው ወልደው ከበዱ። ከእናቷ ጋር የቀረችው ትንሿ ልጅ እናቴ ናት።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ለቤቱ ልጆች ብቻ መኪና ተገኘ። እማማ በሩ ላይ ቆሙ። "ልጅ ለብቻው አይጫንም!" ሁሉም እየተደጋገፉ በእግር ወጡ። ልጃቸው እስካሁን ትናደዳለች። "የልጆቹ እግር ደም በደም ሆኖ ነበር እኮ" አለችኝ፣ እማማ እየሰሙ። እሳቸው መልስ አልሰጡም። እናት ናትና እውነት አላት። እኔ ግን በእማማ መፍረድ አልቻልኩም። ያ መኪና ለእሳቸው የሰባ ሰባቱ መኪና ነበር።

የቤቱ ልጆች አፍ እንደፈቱ የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት፣ ከነመንደሩ ይማራሉ። ቢጠፉ ማን እንደሆኑ እንዲናገሩ ነው። ትንሹ ልጅ ሳያቋርጥ ተወጣልኝ። እኔ አራተኛው ላይ ቆምኩ፣ እማማ ቀጠሉልኝ።

ስወጣ የፓዌዎቹን ስልክ ሰጡኝ። እናቴም ቁጥሩ አላት፤ ደውላ ግን አታውቅም። "ምን ብዬ ልጀምር?" ትላለች። ለአረፋ አብረን እንሂድ ብያታለሁ። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችኝም።