በውኃ ተራ ሳልጣላ እንዴት ቀረሁ

ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው የጠብ ምክንያት አያጣም። በጋ ሲገባ የሮቢ ወንዝ ይቀንሳል፣ ተራው ይርቃል፣ ሌሊት ቦይ የሚጠልፍም አይጠፋም። መጽሐፈ ምሳሌ 17፥14 «የጠብ መጀመሪያ ውኃ እንደሚፈስስ ነው፤ ስለዚህ ጠብ ሳይበረታ ክርክርን ተው» ይላል። ለመስኖ ገበሬ ይህ ቃል ማብራሪያ አያሻውም። የተሸነቆረ ቦይ በአንድ አካፋ አፈር የሚደፈነው ገና ሲጀምር ነው፤ ካደረ ግን ሰፈሩ በሙሉ ዶማ ይዞ ቢወጣም ያስቸግራል።

አምና ተራዬ ሌሊት ላይ ደረሰና ባትሪና አካፋ ይዤ ወረድኩ። ቦዩ ደርቋል። ወደ ላይ ስከተለው አፈር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ተጋድሞበታል፤ ውኃው ወደ ጎረቤቴ የቲማቲም ማሳ ይወርዳል። የእኔ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ደሜ ፈላ። ከረጢቱን ባነሳው መብቴ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው እዚያው ማሳቸው ውስጥ አካፋ ይዘው ቆመዋል። በጨለማ፣ ሁለታችንም ብረት ጨብጠን የምንነጋገረው ነገር ደግ እንደማይሆን ታየኝና ተመለስኩ። ይህን ፍርሃት የሚለው ይኖራል፤ እኔ አልለውም። በውኃና በድንበር የተነሣ ስንት ጎረቤት ደም እንደተቃባ በአገራችን የማያውቅ የለም።

ጠዋት ባዶ እጄን ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ?» አልኩ። ሰላምታችን በዛ ብለው የሚያሙት አሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ጥቅሙን አየሁ። የሰው ልጆችና ከብት ጠይቆ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አስብሎ፣ ወዲያው መጮህ አይቻልም። ቀጥዬም «ለምን ወሰዱብኝ» አላልኩም። «ማታ ተራዬ ነበር፣ ውኃው ሳይደርሰኝ ቀረ፤ ምን ተፈጥሮ ነው?» አልኳቸው። ለጠብ ተዘጋጅተው የነበሩ ይመስለኛል፤ ትከሻቸው ሲረግብ አየሁ።

«ልጄ፣ በእኔ ተራ ዋናው ቦይ ተሰብሮ ሳላጠጣ ቀረሁ። ብናገርም የሚሰማኝ አጣሁ» አሉኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። ሌሊት ብንያያዝ ኖሮ መቼም አላውቀውም። አብረን የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ዘንድ ሄድን፤ የእሳቸው የቀረ ተራ ታሰበላቸው፣ የእኔም በማግስቱ ተሞላልኝ። ጥቂት መደብ ሽንኩርት ግን ደርቆብኛል።

ምሳሌ 15፥1 «የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች» ሲል መብትህን ተው ማለቱ አይመስለኝም። ውኃዬን ጠይቄያለሁ፣ አግኝቻለሁም። ሁልጊዜ እንዲህ ይሳካል አልልም። በኋላ አንድ ደላላ የሽንኩርት ሂሳብ አጓደለብኝ፤ በለዘበ ቃል ብጠይቀውም አልመለሰልኝም። ሽማግሌ ፊት አቀረብኩት። ሳልሰድበው ስለሄድኩ እሱ በእኔ ላይ የሚያቀርበው ክስ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹም ማን ማንን ደፈረ እያሉ ሳይደክሙ በቀጥታ ወደ ሂሳቡ ገቡ።