የጥር የውሃ ወፍ ቆጠራ፦ ቁጥር የሚበላሸው የት ላይ ነው?

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የውሃ ወፍ ቆጠራ በጥር መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎች በዚህ ሰሞን ከቦታ ቦታ ብዙም አይዘዋወሩም። ጥር 10፣ 11 እና 12ን ግን ዝለሏቸው፤ ታቦት በሚወርድበት ዳርቻ የሚረጋ ወፍ የለም።

ለሁለት ሰው አንድ ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው፣ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ)፣ በተጫኑት ቁጥር አንድ የሚጨምር የእጅ መቁጠሪያና እርሳስ ይበቃል። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባ እንድትሆን በምሥራቁ ዳርቻ ጀምሩ። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያርገበግበው ሩቅ ያለ ዳክዬ አይለይም። ያልለያችሁትን «ዳክዬ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ» በሉት፤ የግምት ስም ከዚህ ይብሳል።

ትልቅ መንጋ ሲሆን መጀመሪያ 10 ወፍ አንድ በአንድ ቁጠሩና የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፤ ከዚያ በዚያው ስፋት በ10 በ10 ቀጥሉ። ሺዎች ከሆኑ በ100። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚያሳንሰው፣ ዳር ላይ ሳሳ ባለው ክፍል ለክቶ ጥቅጥቅ ያለውን መሃል ስለሚቆጥር ነው። ለመሃሉ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። መለማመጃው ምስር ነው፦ ትሪ ላይ በትኑ፣ ገምቱ፣ ቁጠሩ፣ ደጋግሙ።

አብያታ ሐይቅ ላይ ሁለቱን የፍላሚንጎ ዓይነቶች ለዩ። ትንሹ ምንቃሩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ትልቁ ነጣ ይላል፣ ምንቃሩም ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ይጠቁራል። መኪናችሁን ከዳርቻው አርቁ፤ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ጭቃ ከሥር ይውጣል።

ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ላይ ችግሩ ዓሣ አራጋፊው ነው። የዓሣ ትራፊ መጣል ሲጀምር ፔሊካንና አባ ኮዳ ከሌላው ዳርቻ እየተጠራሩ ይመጣሉ፤ ያንን ክፍል ቀድማችሁ ካልጨረሳችሁ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ ላይ ደግሞ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ቀን ማሳ ላይ ስለሚውሉ፣ የሚቆጠሩት አመሻሽ ላይ ለማደር ሲገቡ ነው።

ዳርቻው ለቆጠራ የተከፈለባቸውን ክፍሎች ወሰን ካለፈው ዓመት አትቀይሩ፤ ከቀየራችሁ ቁጥሩ ከምንም ጋር አይነጻጸርም። ወፍ ያልታየበትን ክፍል 0 ብላችሁ ሙሉ፣ ባዶ መስመር «አልተሄደም» ተብሎ ይነበባልና። ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ቀይሩ፦ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት እዚያ ላይ 7 ነው።